የተመረጠ ሰው አደራ፦ በትንሽ ከተማ የሕዝብ ተመራጮች ድርሻና ግዴታ

መግቢያ

ልማት ሲነሣ ብዙ ጊዜ በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው የሚቆፈር የውኃ ጉድጓድ፣ የሚተከል ችግኝ ወይም የሚገነባ ጤና ጣቢያ ነው። ግንባታው አልቆ የርክክብ ሰነድ ከተፈረመ በኋላ ያ ሀብት በማን እጅ እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚጠብቀውና ሲበላሽ ማን እንደሚጠየቅበት የምናስበው ግን ከስንት አንዴ ነው። የልማት ድርጅት የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያበቃ ይሄዳል፤ በቦታው የሚቀሩት ሕዝቡና ሕዝቡ የመረጣቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የአንዲት ትንሽ ከተማ የምክር ቤት አባል ግዴታውን ጠንቅቆ ማወቁ ለልማት ሥራ ዘላቂነት ከሲሚንቶውና ከብረቱ የማያንስ ክብደት አለው።

በዚህ ጽሑፍ በአገራችን ትንንሽ ከተሞች የሕዝብ ተመራጮች ምን ሥልጣን እንዳላቸው፣ ምን ግዴታ እንዳለባቸውና መራጩ ሕዝብ ከእነርሱ ጋር ምን ዓይነት ግንኙነት ሊኖረው እንደሚገባ እንመለከታለን። ጽሑፉ ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለልማት ኮሚቴዎች፣ ለዕድርና ለወጣት ማኅበራት የውይይት መነሻ እንዲሆን ታስቦ የተዘጋጀ ነው። የከተሞች አደረጃጀት እንደየክልሉ ሕግ በዝርዝር ጉዳዮች የሚለያይ በመሆኑ፣ እዚህ የቀረበው በአብዛኛው ክልሎች የጋራ የሆነው መሠረታዊ ሐሳብ ነው።

1. ሹመትና ምርጫ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ብሂል የማያውቅ የለም። ብሂሉ የተወለደው ሥልጣን ከላይ ወደ ታች በሚወርድበት ሥርዓት ውስጥ ነው። ሹሙ የሚፈራው የሾመውን ነው፤ የሚደሰተውም የሾመው ሲደሰትበት ነው፤ የሚያስተዳድረው ሕዝብ ግን ሊሾመውም ሊሽረውም አይችልም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ ሥልጣን እንደ ግል ርስት ቢታይና ሹሙ ዘመኑ ሳያልፍ ለመጠቀም ቢቸኩል አያስደንቅም።

ምርጫ ይህን ግንኙነት ይገለብጠዋል። ተመራጩ ሥልጣኑን የሚያገኘው ከጎረቤቶቹ፣ ከገበያ ደንበኞቹና አብረውት ዕድር ከሚጥሉት ሰዎች ነው። ስለዚህ በእጁ ያለው ነገር አደራ ነው። የአደራ ጠባዩ ደግሞ ይታወቃል፦ ተቀባዩ ይጠብቀዋል፣ በተሰጠበት ዓላማ ላይ ያውለዋል፣ ሲጠየቅ ይመልሳል።

ይህ አስተሳሰብ ለምእመናን እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምናነበው፣ የደቀ መዛሙርት ቍጥር በበዛ ጊዜ መበለቶቻችን በዕለታዊው እደላ ተዘነጉ የሚል ቅሬታ ተነሣ። ሐዋርያት ቅሬታውን አላፈኑም፤ ሕዝቡ ራሱ መልካም ስም ያላቸውን ሰባት ሰዎች እንዲመርጥ አደረጉ። ለጽሑፋችን ጉዳይ የሚጠቅመው ነገር የነገሩ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ችግር ነበረ፣ ቀጥሎ ሕዝቡ መረጠ፣ የተመረጡትም የተመደቡት ያንኑ ችግር ለመፍታት ነበር። ዛሬም አንድ ተመራጭ በምክር ቤት ወንበር ላይ ሲቀመጥ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «የተመረጥሁት የትኛውን የሕዝብ ችግር ለመፍታት ነው?» ብሎ ነው።

2. አጭር የታሪክ ዳራ

በአገራችን የከተማ አስተዳደር በዘመናዊ ሕግ መልክ የያዘው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ እንዲመሩ፣ ሌሎች ከተሞች በከተማ ሹም እንዲተዳደሩ ደነገገ። በ1937 ዓ.ም. ደግሞ ማዘጋጃ ቤቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። በዚያ ዘመን ከንቲባውና የከተማው ሹም ከላይ የሚሾሙ ነበሩ።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን አቋቋመ። «ቀበሌ» የሚለው ቃል በየቤቱ የገባው ከዚህ በኋላ ነው። ነዋሪዎች የቀበሌያቸውን መሪዎች ቢመርጡም፣ ቀበሌው ብዙም ሳይቆይ ከሕዝቡ ይልቅ ወደ ላይ የሚመለከት የቁጥጥር ክንድ ሆነ። ከዚህ የምንማረው፣ መምረጥ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። የተመረጠው አካል ለመራጩ የሚመልስበት መንገድ ከሌለ ምርጫው ስሙ ብቻ ይቀራል።

ከነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ሕገ መንግሥት ለዚህ ጉዳይ መሠረት የሚሆኑ ድንጋጌዎችን ይዟል። በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛዎቹ የመንግሥት እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። በአንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል። በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት፣ ማንኛውም ኃላፊና ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆንና ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል።

በዚህ ሥርዓት የአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2000 እና በ2005 ዓ.ም. ተካሂዷል። በ2010 ዓ.ም. ይጠበቅ የነበረው ምርጫ መራዘሙ ይታወሳል። የምርጫ ጊዜ ሲርቅ የተመራጩ ግዴታ አይላላም፤ እንዲያውም ይጠብቃል። በድምፅ የሚገመገምበት ቀን በራቀ ቍጥር፣ ወደ መራጩ እየተመለሰ መልስ መስጠቱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

3. ማን ምን ይሠራል?

በትንሽ ከተማ ሁሉም ሰው ስለሚተዋወቅ የሥራ ድርሻ በቀላሉ ይደባለቃል። መንገድ ላይ ያገኘነውን የምክር ቤት አባል የልደት ምስክር ወረቀት እንዲያወጣልን እንለምናለን፤ የቦታ ክርክራችንን ከንቲባው ቤት ድረስ ሄደን እናስረዳለን። ይህ ልማድ ለሙስናም ለቅሬታም በር ይከፍታል። ስለዚህ ድርሻዎችን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

ምክር ቤቱ የከተማው ከፍተኛ የሥልጣን አካል ነው። ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፤ የአስፈጻሚውን ሥራ ይቆጣጠራል፤ ከንቲባውን ይሰይማል፤ ሪፖርት ሰምቶ ያጸድቃል ወይም ይመልሳል። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ሥልጣን የጉባኤው እንጂ የእያንዳንዱ አባል አለመሆኑ ነው። አንድ አባል ብቻውን ለማንም ትእዛዝ መስጠት፣ ቦታ መፍቀድ ወይም ቅጣት ማንሣት አይችልም። ኃይሉ ያለው በስብሰባው ውስጥ በሚጠይቀው ጥያቄና በሚሰጠው ድምፅ ነው።

አፈ ጉባኤው ስብሰባ ይጠራል፣ አጀንዳ ያስይዛል፣ ውይይቱን ይመራል። ጥሩ አፈ ጉባኤ የሚለየው፣ የማይስማማበትን ሐሳብ ለያዘው አባል ጭምር በቂ ጊዜ በመስጠቱና ቃለ ጉባኤው በትክክል መጻፉን በማረጋገጡ ነው።

ከንቲባው የአስፈጻሚው መሪ ነው። ከየጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎች የተውጣጣውን የከንቲባ ኮሚቴ ይመራል፣ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን በሥራ ላይ ያውላል፣ ተጠሪነቱም ለምክር ቤቱ ነው። ሥራ አስኪያጅ ባለበት ከተማ ይህ ሰው በሙያው የተቀጠረ ባለሙያ ሲሆን፣ የዕለት ተዕለቱን የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት ያስተባብራል።

የከተማው ሥራ ራሱ በሁለት ይከፈላል። ጤና፣ ትምህርትና የመሳሰሉት የመንግሥታዊ አገልግሎት ተግባራት ናቸው፤ ለእነዚህ በአብዛኛው ከክልሉ በጀት ይመደባል። የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ መውረጃ ቦይ፣ ጽዳት፣ የገበያ ቦታ፣ ቄራ፣ መናኸሪያና የመሳሰሉት የማዘጋጃ ቤት ተግባራት ናቸው፤ እነዚህ በብዛት የሚሠሩት ከተማው ራሱ ከቦታ ኪራይ፣ ከቤት ግብርና ከአገልግሎት ክፍያ በሚሰበስበው ገንዘብ ነው። ይህን ልዩነት የማያውቅ ተመራጭ በከተማው አቅም ሊሠራ የሚችለውን ቦይ ከክልል ሲጠብቅ ዘመኑ ያልቅበታል።

የራሳቸው ምክር ቤት የሌላቸው፣ በወረዳ ሥር የሚተዳደሩ ታዳጊ ከተሞችም አሉ። የእነዚህ ነዋሪዎች ጥያቄያቸውን የሚያቀርቡት በወረዳው ምክር ቤት ባሉ ተወካዮቻቸው በኩል ነው።

4. ሦስቱ ዋና ዋና ግዴታዎች

የምክር ቤት አባል ግዴታዎች ብዙ ቢሆኑም በሦስት ሊጠቃለሉ ይችላሉ።

የመጀመሪያው በጀትን አንብቦ መወሰን ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ስለዚህ የሕዝብ ፍላጎት የሚሰበሰበውና በዕቅድ የሚገባው ከሐምሌ በፊት ነው። በመስከረም «መንገዳችን ይሠራ» የሚል ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተመራጭ ለዚያ ዓመት ዘግይቷል። የበጀት ሰነድ በቀረበለት ጊዜም ሦስት ነገሮችን ቢጠይቅ ብዙ ይረዳዋል፦ ባለፈው ዓመት ለዚህ ሥራ ምን ያህል ተመድቦ ምን ያህል ሥራ ላይ ዋለ? ያልዋለው ለምን ቀረ? አዲስ የሚሠራው ነገር ከተሠራ በኋላ የማስኬጃውና የጥገናው ወጪ ከየት ይመጣል?

ሁለተኛው መከታተል ነው። ሪፖርት «95 በመቶ ተከናውኗል» ሲል፣ የምን 95 በመቶ እንደሆነ መጠየቅ የአባሉ ሥራ ነው። ከሪፖርቱ በኋላም በእግር ሄዶ ማየት ይገባል። ከአንድ ቀን የመስክ ጉብኝት የሚገኘው እውነት አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ዓመት ሪፖርት ይበልጣል።

ሦስተኛው ወደ መራጩ መመለስ ነው። ተመራጩ ምን ጠየቀ፣ ምን መልስ አገኘ፣ ምን አልተሳካም የሚለውን ለመረጡት ሰዎች በቃል መናገር አለበት። ያልተሳካውን መናገር ያሳፍር ይሆናል፤ ነገር ግን ሕዝብ እውነቱን ሲሰማ ይታገሣል፣ ዝም ሲባል ግን ይጠራጠራል።

5. አንድ የማስተማሪያ ምሳሌ፦ የቆመው ቦኖ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በአንዲት ትንሽ ከተማ ዳር፣ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ፓምፕ ያለው ቦኖ ተሠርቶ ለኅብረተሰቡ ተሰጠ እንበል። ሴቶችና ሕፃናት ከዚያ በፊት ከወንዝ ይቀዱ ነበር። የውኃ ኮሚቴ ተመረጠ፤ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ1 ብር እንዲሸጥ ተወሰነ።

በቀን 300 ጀሪካን ቢቀዳ የቀኑ ገቢ 300 ብር፣ የወሩ 9 ሺህ ብር፣ ጳጉሜን ሳንቆጥር የዓመቱ 108 ሺህ ብር ይሆናል። ለቦኖ ጠባቂው በወር 3 ሺህ ብር ቢከፈል በዓመት 36 ሺህ ብር ይወጣል። ቀሪው 72 ሺህ ብር ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ 216 ሺህ ብር ሊጠራቀም ይገባ ነበር ማለት ነው።

በአራተኛው ዓመት ፓምፑ ተበላሸ። መለዋወጫ ለመግዛት ሣጥኑ ሲከፈት የተገኘው ጥቂት ብር ነው። ደረሰኝ የለም፤ ቃለ ጉባኤ የለም። ኮሚቴው «ገንዘቡ ለልዩ ልዩ ጉዳይ ወጣ» ይላል። ከንቲባው «ቦኖው የኮሚቴው ነው» ይላሉ። የልማት ድርጅቱ «አስረክበናል» ይላል። እናቶች ግን ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ስንመረምር ዐይናችን መጀመሪያ በኮሚቴው ላይ ያርፋል። ይሁን እንጂ ሌላ ጥያቄ አለ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት የከተማው ምክር ቤት በየጊዜው ተሰብስቧል። ከአባላቱ አንዱ ተነሥቶ «የዚያ ቦኖ ገቢ በየትኛው ባንክ ነው የሚቀመጠው? ስንት ደርሷል? ማን መረመረው?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ፣ ጉድለቱ ገና በጥቂት ሺህ ብር ሳለ ይታወቅ ነበር። ጥያቄው እውቀትም ገንዘብም አይፈልግም፤ የሚፈልገው ድፍረትና ትጋት ነው። ቦኖው የቆመው ፓምፑ በተበላሸ ቀን አይደለም፤ ጥያቄው ሳይጠየቅ በቀረበት በመጀመሪያው ስብሰባ ነው።

አባላቱ ያልጠየቁበት ምክንያትም አይጠፋንም። የኮሚቴው ሰብሳቢ የአንዱ አማች፣ የሌላው የዕድር ዳኛ፣ የሦስተኛው አበዳሪ ሊሆን ይችላል። በትንሽ ከተማ መጠየቅ ማስቀየም ይመስላል፤ ይሉኝታ ያስራል። መፍትሔው ጥያቄውን ከሰውየው ለይቶ የአሠራር ልማድ ማድረግ ነው። ሁሉም ኮሚቴ በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪውን እንዲያቀርብ በደንብ ከተወሰነ፣ መጠየቁ የጥርጣሬ ምልክት መሆኑ ይቀራል፤ ሐቀኛውንም ከሐሜት ያድነዋል።

6. የግል ጥቅምና የሕዝብ ጥቅም

የትንሽ ከተማ ተመራጭ ነጋዴም፣ ገበሬም፣ መምህርም ሊሆን ይችላል። ዘመድና ባለጉዳይ አለው። ስለዚህ የጥቅም ግጭት መፈጠሩ አይቀሬ ነው፤ ነውሩ ግጭቱን መደበቅ ነው። አንድ አባል የወንድሙ ድርጅት የተወዳደረበት ግዥ ወይም ቤተ ሰቡን የሚነካ የቦታ ጉዳይ ለውይይት ሲቀርብ፣ ዝምድናውን ተናግሮ ከውሳኔው ራሱን ሊያገል ይገባል። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት መሆኑ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የተደነገገ ስለሆነ፣ በከተማ ቦታ ላይ የሚደረግ አድልዎ ከመላው ነዋሪ ላይ የሚወሰድ ንብረት ነው።

ሕጉም ይህን አስቦበታል። በፌዴራል ደረጃ የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎችን ብቻ ሳይሆን ተመራጮችንም ይመለከታል። ዓላማው ሰውን ማዋረድ አይደለም፤ ወደ ሥልጣን ሲገባ ምን እንደነበረውና ሲወጣ ምን እንዳለው እንዲታወቅ ነው። ከላይ ያነሣነው ብሂል ውሸት መሆኑን ማስረጃ አቅርቦ ማሳየት የሚቻለውም በዚህ መንገድ ነው።

7. የመራጩና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ድርሻ

ተመራጭ ብቻውን መልካም ሊሆን አይችልም። መራጩ የሚጠይቀው ለልጁ ሥራ እንዲያስቀጥርለት ብቻ ከሆነ፣ ተመራጩም ይህንኑ ሲያደርግ ይኖራል። መራጩ ስለ ጋራው መንገድ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ቦኖው ሣጥን ከጠየቀ፣ ተመራጩም በምክር ቤት ስለነዚሁ እንዲናገር ይገደዳል። ግብርንና የአገልግሎት ክፍያን በወቅቱ መክፈልም የመጠየቅ መብትን ያጠናክራል።

የሰበካ ጉባኤ አባላት በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን ሊያበረክቱ ይችላሉ። አንደኛው አርአያነት ነው። ሰበካ ጉባኤም በምርጫ የሚቋቋም ስለሆነ፣ የሙዳየ ምጽዋት ገንዘብ በምስክር ፊት ሲቈጠርና ሒሳቡ ለምእመናን ሲነበብ፣ ሕዝቡ ከከተማው አስተዳደር ምን መጠበቅ እንዳለበት በተግባር ይማራል። የራሱን ሒሳብ የማያሳይ ግን የሌላውን ሊጠይቅ አይችልም።

ሁለተኛው ወሰንን መጠበቅ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መሠረት መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው። ዐውደ ምሕረት ለአንድ ተወዳዳሪ ድጋፍ የሚሰጥበት ወይም ሌላው የሚነቀፍበት ቦታ አይደለም። ካህኑ የሁሉም አባት ነው፤ የልማት ሠራተኛውም የሁሉም አገልጋይ ነው። ከተማው ውስጥ የሚሠራ ፕሮጀክት በምርጫ ሰሞን የአንድ ወገን ውለታ መስሎ እንዳይታይ መጠንቀቅ ይገባል። ምእመናን እንደ ዜጋ የመምረጥና የመመረጥ መብታቸው ግን በአንቀጽ 38 የተጠበቀ ነው። ታማኝና ትጉህ የሆነ ሰው፣ በተለይም የውኃንና የጤናን ችግር በቅርብ የሚያውቁ እናቶች፣ «ፖለቲካ አይመቸኝም» ብለው ከአካባቢ ምክር ቤት ቢርቁ፣ ወንበሩ ባዶ አይቀርም፤ ሌላ ይቀመጥበታል።

ማጠቃለያ

የሕዝብ ተመራጭ ሥራ በሦስት ቃላት ሊገለጽ ይችላል፦ መስማት፣ መጠየቅ፣ መመለስ። ከሕዝብ ይሰማል፣ በምክር ቤት ይጠይቃል፣ መልሱን ይዞ ወደ ሕዝብ ይመለሳል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ በሚሊዮን ብር የተሠራ ሥራ በአንድ መለዋወጫ እጦት ይቆማል። ሦስቱ ሲሟሉ ግን ትንሿ ከተማ በትንሽ ገቢዋም ብዙ ልትሠራ ትችላለች። ተመራጩ ዘመኑ አልቆ ከወንበሩ ሲነሣ የሚቀርለት ሀብት፣ በከተማው መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰዎች ቀና ብለው የሚሰጡት ሰላምታ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትኖሩበት ቀበሌ ወይም ከተማ የምክር ቤት ተወካዮቻችሁን በስም ታውቃላችሁ? ለመጨረሻ ጊዜ የተነጋገራችሁት መቼ ነው?

2. ለኅብረተሰቡ ከተሰጡ የልማት ሥራዎች አንዱን ምረጡ። ገቢና ወጪውን የሚይዘው ማን ነው? ሒሳቡ የሚቀርበው ለማን ነው?

3. በምሳሌው ላይ ያለው ቦኖ በእናንተ አካባቢ ቢሆን፣ ጥያቄውን ቀድሞ ማን ሊጠይቅ ይችል ነበር? እንዳይጠይቅ የሚያግደውስ ምንድን ነው?

4. የሰበካ ጉባኤያችሁ ወይም የዕድራችሁ ሒሳብ በምን ያህል ጊዜ ለአባላት ይነበባል? ምን መሻሻል ይገባዋል?

5. ከሐምሌ በፊት ለከተማችሁ ምክር ቤት ሊቀርብ የሚገባው አንድ የጋራ ችግር የትኛው ነው? ማን፣ መቼ፣ በምን መልክ ያቅርበው?